በሰፈሩት ቁና

(ስለ ጕበት ነቀርሳ መለኪያና ስለ ተመራማሪ መለኪያ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)




 ብዙ ዘመን ያስተማሩ መምህራን በተቀመጡበት አዳራሽ እኔ የሕክምና ተማሪው ስለ ሳይንስ መለኪያ ልናገር መነሣቴ ድፍረት መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን ጥያቄው የደረሰው በራሴ ላይ ነውና፣ ብቻዬን ይዤው ከምብሰለሰል ከእናንተ ጋር ብከራከርበት ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ በምመርጥበት ሰሞን ሁለት ሐሳብ ነበረኝ። አንደኛው የጕበት ነቀርሳን፣ ማለት የጕበት ካንሰርን፣ የሲቲ ስካን ሥዕል በኮምፒዩተር ስለ ማንበብ ነበር። ሁለተኛው ይኸው በሽታ የያዛቸው ሕሙማን ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሱት ለምን ያን ያህል ዘግይተው እንደ ሆነ ከሕሙማን መዝገብ ማጥናት ነበር። ሐሳቤን ለአንድ ወዳጄ ባዋየው ስለ ፊተኛው ብዙ አመሰገነኝ። ስለ ኋለኛው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ማን ይጠቅስልሃል?» አለኝ።

እኔም በዚያን ጊዜ መልስ አጣሁ። ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዘመኑ ያስተማረውን ነው የተናገረው። ዛሬ የአንድ ተመራማሪ ዋጋ ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሱ ተቈጥሮ ይተመናል። ዕድገት ሲጠየቅ፣ ገንዘብ ሲለመን፣ ቦታ ሲፈለግ፣ ይህ ቍጥር ከባለቤቱ ቀድሞ በር ይገባል። እኔም ለመጠቀስ ብዬ ርእሴን ከመለወጤ በፊት፣ መጠቀስ ማለት ምን እንደ ሆነ ልወቅ ብዬ፣ በዚሁ በጕበት ነቀርሳ ሥዕል ሙያ እጅግ የተጠቀሰ አንድ ጽሑፍ ፈልጌ ታሪኩን ከሥሩ ተከታተልሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ያንን ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጽሑፉ የወጣው በ2010 ሲሆን ርዝመቱ 9 ገጽ ብቻ ነው። የጻፉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ኢጣሊያዊው የራዲዮሎጂ ሐኪም ሪካርዶ ሌንቾኒ፣ በዚያን ጊዜ የፒሳ ዩኒቨርሲቲ ሰው፤ ሁለተኛው በባርሴሎናና በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው የጕበት ሐኪም ጆሴፕ ዮቬት ነው። ያ 9 ገጽ ከወጣ ጀምሮ በሺዎች በሚቈጠሩ ጽሑፎች ተጠቅሷል። አዲስ መድኀኒት አላገኘም፤ አዲስ መሣሪያም አልሠራም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መለኪያ አስተካከለ።

መለኪያው ምን ጐድሎት እንደ ነበር ለመረዳት ስለ ጕበት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሕክምና ተማሪዎች ያልሆናችሁ ወዳጆቼ ታገሡኝ።

ጕበት ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። ከአራት እጅ ሦስቱ የሚያህለው ከአንጀት ምግብ ይዞ በሚመጣው ፖርታል በተባለው የደም ሥር ይገባል፤ የቀረው ከልብ በሚመጣው አርተሪ ይደርሰዋል። በጕበት ውስጥ የሚበቅለው ዋናው ነቀርሳ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ሲያድግ ደሙን የሚጠጣው ከሞላ ጐደል ከአርተሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ለታማሚው በክንዱ የደም ሥር ኮንትራስት የሚባለው ማቅለሚያ ተሰጥቶ ሲቲ ስካን ሲነሣ፣ ማቅለሚያው በአርተሪው በኩል በደረሰባት በዚያች አጭር ጊዜ ዕጢው ከጕበቱ ተለይቶ ደምቆ ይታያል። ጥቂት ቈይቶ የቀረው ጕበት በፖርታሉ በኩል ድርሻውን ሲያገኝ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጕበቱ ይደምቃል፣ ዕጢው ይደበዝዛል። የራዲዮሎጂ ሐኪም በዚህ መድመቅና መደብዘዝ ብቻ ሲሮሲስ ባለበት ሰው ላይ በሽታውን ሥጋ ቈርጦ ሳይመረምር ሊያውቀው ይችላል።

ሕክምናውም ከዚሁ ጠባይ የተወለደ ነው። ዕጢው ከአርተሪው ብቻ የሚጠጣ ከሆነ፣ ያችን ቧንቧ መድፈን ነዋ! ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ዕጢው መጋቢ ሥር ድረስ ያደርሰዋል፤ በዚያም መድኀኒት ያፈስና መንገዱን ይደፍነዋል። በ2002 ከባርሴሎናና ከሆንግ ኮንግ የወጡ ሁለት ጥናቶች ይህ ሕክምና በተመረጡ ሕሙማን ላይ ዕድሜ እንደሚያረዝም አሳዩ። ለትናንሽ ዕጢዎች ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ በሥዕል እየተመሩ መርፌ ከዕጢው መካከል አድርሶ በሙቀት ማቃጠል ነው። ሌንቾኒና ባልደረቦቹ በ2003 ይህንን ማቃጠል አልኮል ከመውጋት ጋር አነጻጽረው ጽፈዋል፤ ስሙ በሙያው ዘንድ መታወቅ የጀመረውም በእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

እንግዲህ ችግሩ የመጣው ከሕክምናው በኋላ ነው። ዕጢው ሞተ ወይስ አልሞተም? ይህን የሚወስነው መለኪያ ከዚያ በፊት የተሠራው ለነቀርሳ ሁሉ በአንድነት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1979 ባወጣው ደንብ የዕጢው ርዝመትና ስፋት ይባዛ ነበር። በ2000 ሬሲስት የተባለው ደንብ ወጣና ነገሩን አቃለለው፤ ረጅሙን መስመር ብቻ ለካ፣ የዕጢዎቹን ሁሉ ደምር፣ ድምሩ ከመቶ 30 ከቀነሰ ሕክምናው ሠርቷል፣ ከመቶ 20 ከጨመረ በሽታው ገፍቷል በል አለ። ቀላልና ግልጽ ደንብ ነው፤ ለብዙ ዐይነት ነቀርሳም ይጠቅማል።

ነገር ግን ሥሩ የተቈረጠ ዛፍ ደርቆም ቢሆን ቁመቱ ወዲያው አይቀንስም። ደሙ የተቋረጠበት ወይም በሙቀት የተቃጠለ የጕበት ዕጢም እንዲሁ ነው። ውስጡ በሙሉ ሞቶ ሳለ ሬሳው በቦታው ይቀራል፤ ከተቃጠለ በኋላ እንዲያውም ጠባሳው ከፊተኛው ዕጢ ሊበልጥ ይችላል። በማስመሪያ ብቻ የሚለካ ሰው «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ይጽፋል። የዳነውን «አልዳነም» ይለዋል። በ2009 ከባርሴሎና የወጣ አንድ ጥናት ይህንን በግልጥ አሳይቷል፤ ዕጢያቸው ፈጽሞ የሞተላቸውን ሕሙማን ሬሲስት አንዱን እንኳ ለይቶ አላወቃቸውም።

ይህ የወረቀት ስሕተት ብቻ አይደለም። ሐኪሙ «አልሠራም» ብሎ ካመነ ታማሚውን ወደ ሌላ፣ ምናልባትም ወደሚጐዳው ሕክምና ይመራዋል። «ሠርቷል» ብሎ በስሕተት ካመነም ሕያው የሆነውን ቅሪት ትቶት ያድጋል። የመለኪያ ጕድለት በመጨረሻ የሚያርፈው አልጋው ላይ በተኛው ሰው ላይ ነው።

ችግሩን መጀመሪያ ያዩት ሌንቾኒና ዮቬት አልነበሩም፤ ይህንንም መናገር ፍርድ ነው። በ2000 በባርሴሎና የተሰበሰቡ የኤውሮፓ የጕበት ሐኪሞች የሞተውን ክፍል ከልኬቱ ማውጣት እንደሚገባ ተናግረው ሐሳባቸው በ2001 ታትሟል። በ2008 ደግሞ ዮቬት ያለበት የሊቃውንት ጉባኤ ስለ ጕበት ነቀርሳ ጥናቶች አሠራር ባወጣው ጽሑፍ ሬሲስት እንዲሻሻል አሳሰበ። የ2010ሩ 9 ገጽ ይህንን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ወጣት ሐኪም ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሊሠራበት ወደሚችል ደንብ አወረደው። «የተሻሻለው ሬሲስት» ይባላል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ዕጢውን በሙሉ አትለካ፤ በአርተሪው ጊዜ የሚደምቀውን ክፍል፣ ማለት ሕያው የሆነውን ክፍል ብቻ ለካ። መድመቁ ፈጽሞ ከጠፋ፣ ዕጢው በቦታው ተጋድሞ ቢታይም፣ ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ሠርቷል። ሕያው የሆነው ክፍል መስመር ከመቶ 30 ከቀነሰ በከፊል ሠርቷል። ከመቶ 20 ከጨመረ በሽታው ገፍቷል። አዲስ የታየ ጕብጕብ ሁሉ ደግሞ አዲስ ነቀርሳ አይባልም፤ አንድ ሳንቲ ሜትር መሙላትና በነቀርሳው ልማድ መድመቅና መደብዘዝ አለበት።

መለኪያ ሲለወጥ ምን ያህል ነገር እንደሚለወጥ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት 954 ሕሙማንን ከሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ሌንቫቲኒብ፣ ለሌላው ሶራፌኒብ የተባለውን ክኒን ሰጠ። ሥዕሎቹን ከጥናቱ ውጭ የሆኑ አንባቢዎች መረመሯቸው። በመደበኛው ሬሲስት ሲለካ ሌንቫቲኒብ ከወሰዱት ከመቶ 18.8 ያህሉ ዕጢያቸው ቀነሰ ተባለ። እነዚያው ሰዎች በተሻሻለው ሬሲስት ሲለኩ ከመቶ 40.6 ሆኑ። መድኀኒቱ ያው፣ ሰዎቹ ያው፣ ሥዕሎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ቁናው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን የዛሬውን ንግግሬን ግማሽ የሚሸከም አንድ ነገር አለ። በዚሁ ጥናት ሌንቫቲኒብ የወሰዱት በመካከለኛ ቍጥር 13.6 ወር፣ ሶራፌኒብ የወሰዱት 12.3 ወር ኖሩ። በዕጢው ልኬት የታየው ልዩነት በየትኛውም ቁና ቢሰፈር በጣም ሰፊ ነበር፤ በዕድሜ የታየው ግን ጠባብ ነው፣ ጥናቱም ሌንቫቲኒብ ከሶራፌኒብ አያንስም ከማለት አላለፈም። በተቃራኒው ደግሞ በ2008 የታተመው የሶራፌኒብ ጥናት አለ። በመደበኛው ልኬት ዕጢያቸው የቀነሰላቸው ሕሙማን ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ፤ ሆኖም መድኀኒቱን የወሰዱት በመካከለኛ ቍጥር 10.7 ወር ሲኖሩ ያልወሰዱት 7.9 ወር ኖሩ። ስለዚህ መለኪያ ጠቃሚ ቢሆንም ከሚለካው ነገር ጋር አንድ አይደለም። በመጨረሻ የምንፈልገው የሰው ዕድሜና ጤና እንጂ የመስመር ማጠር አይደለም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ተመራማሪው ልመለስ። አባቶቻችን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ። መለኪያ ያስተካከለውን ሰው ዓለም በምን ለካው? በጥቅስ ቍጥር ለካው።

ይህ ቍጥር ከወዴት እንደ መጣ ብዙዎቻችን አናውቅም። በአሜሪካ የሕግ ጠበቆች አንድ ፍርድ በኋላ በየትኞቹ ፍርዶች እንደ ተጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ ከ1873 ጀምሮ ነበራቸው። ጠበቃው መዝገቡን የሚገልጠው የያዘው ፍርድ ዛሬም ይጸና እንደ ሆነ፣ ወይም ተሽሮ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1955 ይህንኑ ለሳይንስ እናድርገው ብሎ ጻፈ፤ በ1960ዎቹም የሳይንስ ጥቅስ መዝገብን ከፊላዴልፊያ ማሳተም ጀመረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መዝገቡ ሲፀነስ መንገድ መፈለጊያ ነበር። አንድ ሐሳብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ማን እንዳጸናው፣ ማንስ እንደ ተቃወመው ማሳያ ነበር። ሰውን መመዘኛ የሆነው በኋላ ነው። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የሰውን ሥራ ሁሉ በአንድ ቍጥር የሚጠቀልል ስሌት አቀረበ። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ካሉት ቍጥሩ 20 ነው። እንደ ሬሲስት ሁሉ ይህም ቀላልና ግልጽ ነው፤ እንደ ሬሲስትም የሚለካው የውጭውን መጠን ነው።

ሕያው የሆነውንና የሞተውን አይለይም። አንድ ሐኪም የሌንቾኒንና የዮቬትን ደንብ ዘርግቶ የ300 ሕሙማን ሥዕል ቢያነብበትና ጽሑፉን ቢጠቅስ፣ ያ ጥቅስ ሕያው ነው፤ ደሙ ይዘዋወራል። ሌላው ደግሞ ጽሑፉን ሳያነብ ከሌላ ሰው የመጻሕፍት ዝርዝር ገልብጦ ቢጠቅሰው፣ ያ የሞተ ነው። በቈጠራው ግን ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው። ራሱን የሚጠቅስም አንድ ይቈጠርለታል። ተቃውሞም አንድ ይቈጠራል። በ1998 ላንሴት ላይ የወጣውን፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን ጽሑፍ አስቡ። ሐሰት መሆኑ ታውቆ መጽሔቱ በ2010 ሰርዞታል፤ ሕፃናትም ክትባት እንዲቀርባቸው ምክንያት ሆኗል። ነገር ግን ከሚጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ ነው። በቍጥር ብቻ ብንሄድ ትልቅ ሥራ ልንለው ነው።

ደግሞም ቍጥሩ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው መለኪያና ዘዴ የሚያወጡትን ነው። እስከ ዛሬ በዓለም እጅግ የተጠቀሰው የሳይንስ ጽሑፍ በ1951 የወጣ ሲሆን የሚናገረው በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንዴት መለካት እንደሚቻል ነው። በ2014 በተደረገ ቈጠራ ከ3 መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሶ ተገኘ። የዘር ቅርጽ፣ ማለት የዲ.ኤን.ኤ.ን አሠራር የገለጠው የ1953 ጽሑፍ ግን በዚያው ቈጠራ ከመቶዎቹ የመጀመሪያዎች አልገባም። ይህን ስል ዘዴ ማውጣትን ለማቃለል አይደለም። የሌንቾኒና የዮቬት 9 ገጽ የተጠቀሰው ስለሚጠቅም ነው፤ በ2012 የኤውሮፓ የጕበት ሐኪሞችና የነቀርሳ ተመራማሪዎች ማኅበራት ያወጡት የሕክምና መመሪያም መዝኖ ተቀብሎታል። የምለው የጥቅሱ ብዛት የሥራውን ዐይነት ጭምር ይከተላል ነው።

ከዚሁ ከሌንቾኒ ሥራ ሌላ ምሳሌ እነሆ። በ2016 እርሱ በመሪነት የጻፈው ጥናት ወጣ። በመድኀኒት የተነከሩ እንክብሎች ወደ ዕጢው በማፍሰስ የሚሰጠው ሕክምና ላይ ሶራፌኒብ ቢጨመር ይጠቅም እንደ ሆነ በ307 ሕሙማን ላይ ተፈተነ። መልሱ ለሕሙማኑ ቍም ነገር ያለው ጥቅም አላገኘንም የሚል ሆነ። እንዲህ ያለው መልስ አንድን ታማሚ ከማይጠቅመው ክኒንና ከሥቃዩ ያድነዋል። ሆኖም በጥቅስ ቍጥር ከዚያ ከ9 ገጹ ጋር አይወዳደርም። የጠባቂ ዘብ ሥራ የሚታወቀው ሌባ ሳይገባ ሲነጋ ነው፤ ማንም አይቈጥርለትም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የሲቲ ስካን የራሱ ታሪክ ነው። አላን ኮርማክ በጆሃንስበርግ የተወለደ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በ1956 በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ሳለ በግሩቴ ስኩር ሆስፒታል የራዲዮ አይሶቶፕ ሥራ የሚቈጣጠር ሰው ጠፍቶ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እንዲሠራ ጠየቁት። በዚያ ሳለ ጨረር በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ ከየአቅጣጫው ከተለካ የውስጡን ሥዕል በስሌት ማውጣት ይቻላል ብሎ አሰበ። ስሌቱን ጨርሶ በ1963 እና በ1964 አሳተመ። ማንም ከቍም ነገር አልጣፈውም። ጽሑፉን ከለመኑት ጥቂቶች መካከል አንዱ በስዊስ አገር የበረዶ ናዳ የሚያጠና ተቋም ነበር። ከዚያ በኋላ በ1971 በእንግሊዝ አገር በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ መሣሪያ የመጀመሪያው ታማሚ አንጐል ተነሣ፤ በ1979ም ለሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ የምንናገርለት የጕበት ሥዕል ሁሉ የቆመው በዚያ ስሌት ላይ ነው። በ1965 አንድ የዕድገት ኮሚቴ የኮርማክን ጥቅስ ቈጥሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈርድ ነበር? ወዳጄስ ያን ጊዜ ኬፕ ታውን ቢሆን ኖሮ «ማን ይጠቅስልሃል?» አይለውም ነበርን?

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያገባናል የሚል ቢኖር መልሱ እነሆ። የጕበት ነቀርሳ በ2022 ብቻ በዓለም ላይ ከ8 መቶ 60 ሺህ በላይ ሰው ይዟል፤ ከ7 መቶ 50 ሺህ በላይ ገድሏል። ከሕሙማኑ ከአምስት እጅ ሁለቱ የሚሆኑት በቻይና ናቸው፤ ብዙ ተመራማሪ ባለበት ብዙ ጽሑፍ፣ ብዙ ጽሑፍ ባለበት ብዙ ጥቅስ አለ። ስለ አፍሪካስ? በ2017 ኢትዮጵያ ጭምር ያለችበት የዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች ጥናት ታትሟል። በግብፅ አንድ ታማሚ በሽታው ከታወቀለት በኋላ በመካከለኛ ቍጥር 10.9 ወር ሲኖር፣ በቀሩት ስምንት አገሮች የኖረው 2.5 ወር ነው። በግብፅ የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 58 ዓመት ሲሆን በቀሩት 46 ዓመት ነው፤ ማለት ቤት የሚያስተዳድር፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። በግብፅ ከመቶ 76ቱ ለነቀርሳው የሚሆን ሕክምና ሲያገኙ በቀሩት አገሮች ያገኙት ከመቶ 3 ብቻ ናቸው። በእነዚሁ በቀሩት አገሮች ዋናው ምክንያት ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ይህም በክትባት የሚከለከል በሽታ ነው።

እንግዲህ የተሻሻለው ሬሲስት ከሕክምና በኋላ የቀረውን ሕያው ዕጢ ይለካል። ሕክምና ካላገኙት 97 ሰዎች ምኑን ይለካ? ለእነርሱ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሌላ ነው። ለምን ዘገዩ? ከየት መጡ? ስንት ቦታ ዞረው ደረሱ? ሲሮሲስ ወይም ቫይረሱ እንዳለባቸው ቀድሞ የነገራቸው ነበርን? ሕክምና በሚሠራበት ጊዜ አልትራሳውንድ ያነሣቸው ነበርን? ይህንን የሚጠይቅ ጽሑፍ በሺህ ጊዜ አይጠቀስ ይሆናል። በአንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ ያለ ሰው አንብቦት አሠራሩን ቢለውጥ ግን፣ ያ ለውጥ በየትኛውም የጥቅስ መዝገብ አይጻፍም።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ፣ ታዲያ ቍጥሩ ይቅርና በዝምድናና በወዳጅነት እንመዘን ትላለህን ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ አልሸሸውም። ቍጥር ለድኻው ልጅ መከታ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ዘመድ የሌለው ሰው «ሥራዬን ቍጠሩልኝ» ሊል ይችላልና። ሌንቾኒና ዮቬትም ማስመሪያውን አልጣሉም። ምን እንደሚለካ ነው ያስተካከሉት። በሙያው ያሉ ሰዎችም በሌላው መለኪያ ላይ ይህንኑ መጠየቅ ጀምረዋል። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ያወጡት መግለጫ ተመራማሪ በታተመበት መጽሔት ቍጥር ሳይሆን በጽሑፉ ውስጥ ባለው ነገር ይመዘን ይላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለምኜ ላብቃ። አንደኛ፣ እኛ ተማሪዎች ያላነበብነውን ጽሑፍ አንጥቀስ። የሞተ ጥቅስ የሚበዛው በእኛ እጅ ነው፤ ሊቀንስም የሚችለው በእኛ እጅ ነው። ሁለተኛ፣ ርእስ ስንመርጥ «ማን ይጠቅስልኛል?» ከማለታችን በፊት «ማን ይሠራበታል?» ብለን እንጠይቅ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንዳንድ ጊዜ አንድ መልስ አላቸው፤ የ9 ገጹ ታሪክ ይህን ያሳያል። አንድ መልስ በሌላቸው ጊዜ ግን ምርጫው የሕሊና ይሆናል። ሦስተኛው ልመናዬ ለክቡራን መምህራን ነው። የሰው ሥራ ለመመዘን ስትቀመጡ ቍጥሩን እዩ፤ ከዚያም አልፋችሁ «ከሥራህ የሚሻሉትን ሦስቱን አምጣ፤ እያንዳንዱስ ምን ለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጽሑፉንም አንብቡት። ድካም እንዳለበት አውቃለሁ። ነገር ግን የራዲዮሎጂ ሐኪምም ሕያው የሆነውን ከሞተው የሚለየው ሥዕሉን አንድ በአንድ እያየ ነው እንጂ ከሩቅ ሆኖ መጠኑን በመገመት አይደለም።

እኔ ርእሴን መርጫለሁ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ መዝገብ ቤት ገብቼ የሕሙማን ፋይል አገላብጣለሁ። ወዳጄም ይህን ከሰማ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ሊያግዘኝ ቃል ገብቶልኛል፤ ዛሬም ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ይስቃል። የሚጠቅሰን ባይገኝ እንኳ የሚጠይቀን አይጠፋም፤ ለምሳሌ እናንተ በሚመጣው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ምን አገኛችሁ ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ።